ቀይዋ መስመር የት ደረሰች

ጥር 6

ስራ። ቤት። ሁለት ክፍል አኒሜ። እንቅልፍ።

ደብተሩ የመነፅር ቤቱ ነው፤ ያለፈው ዓመት የትእዛዝ መመዝገቢያ፣ ግማሹ ባዶ። ሊጣል ሲል አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት እንጃ።

ዛሬ አስራ ዘጠኝ ጥንድ ሌንስ ቆረጥኩ። የሌንሱ ብናኝ እጅጌዬ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እማዬ በር ላይ ስታየኝ "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትሰራው?" ትላለች። በየቀኑ ትለኛለች። በየቀኑ "እህ" እላታለሁ።

ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ። አሁን አሁን አኒሜውን (የጃፓን ካርቱን) ፍጥነቱን ጨምሬ ነው የማየው። የመግቢያውን ዘፈን እዘላለሁ፣ የመውጫውን እዘላለሁ፣ "ባለፈው ክፍል" የሚለውንም እዘላለሁ። ድሮ አኒሜ ከፍቶ ዘፈን የሚዘል ሰው ሳይ ያንገበግበኝ ነበር። የዛሬው ስለ ምን ነበር? ... ጎራዴ ነበረበት። የሆነ ሰው አለቀሰ።

ጥር 7

የጌም ቅናሽ ወጥቶ ሦስት ገዛሁ። አንዱንም አልከፈትኩም።

በጠቅላላ መቶ አርባ ሦስት ጌም አለኝ። ከፍቼ የማውቀው ሠላሳ አንዱን ብቻ። ስገዛ ለአንድ ደቂቃ ያህል የሆነ ነገር ሽው ይልብኛል። ከዚያ "ስለገዙ እናመሰግናለን" ይላል ስክሪኑ፣ እኔም ምንም አይደለም እላለሁ፣ ያልፋል።

ጥር 9

ምንም።

ጥር 13

እሺ፣ ለራሴም ቢሆን በግልፅ ልፃፈው።

አኒሜ የማይበት አካውንት የእህቴ ነው። የምትከፍለውም እሷ። ሲከፈት ሁለት ስዕል ይመጣል፦ ድመቷ የእሷ፣ "ጩጬ" የሚለው የእኔ። ስሙን ያወጣችልኝ እሷ ናት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሃያ ዘጠኝ ሞልቶኝም ጩጬ ነኝ።

ካገባች ሰባት ወር ሆናት። ሰባት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። ድግስ አልነበረም፤ አባዬ ከሞተ ገና ስምንት ወሩ ስለነበር ማዘጋጃ ቤት ፈርመን እንመለሳለን አለች። ከእኛ ቤት ምስክር ሆኜ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። አልሄድኩም። እማዬ ቀድማኝ ሄዳ ነበር፣ ስትመለስ ላፕቶፑ ተከፍቶ አልጋ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። በቃ፣ ለካርቱን ብሎ ከእህቱ ፊርማ የቀረ ሰው ተባልኩ። በእኔ ቦታ ማን ፈረመ? ይዟቸው የሄደው ባለታክሲ። የማያውቁት ሰውዬ። ስሙ በእህቴ የጋብቻ ወረቀት ላይ ዕድሜ ልኳን ሰፍሮ ይኖራል።

እኔም አላስተባበልኩ። ምን ብዬ?

ያን ጠዋት ሲጫወት የነበረው "ዝናቡ" የምንለው ነው። ለአርባ ዓመት ዝናብ ያላቆመበት ከተማ ውስጥ ጃንጥላ የምትጠግን ልጅ ታሪክ፤ ሰባ ሁለት ክፍል ነው። ከእህቴ ጋር ሠላሳ አንዱን አይተናል። ሕጋችን አንድ ነው፦ አንዱ ያለ ሌላው አያይም። እኔ ደግሞ ያን ጠዋት፣ የፊርማዋ ቀን፣ ሠላሳ ሁለትን ብቻዬን ከፈትኩ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ታዲያ ለምንድን ነው ከአካውንቱ ያላስወጣችኝ? አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። በየቀኑ ስከፍት መጀመሪያ የማየው "ጩጬ" አለ ወይ የሚለውን ነው። እስከ ዛሬ አለ።

ጥር 14

ትናንት ያልፃፍኩት፦ ድመቷን እከፍታለሁ። በየቀኑ።

ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ምንም አልነካም፣ አያለሁ ብቻ። ከእያንዳንዱ ክፍል ስር የት እንደደረሰች የምታሳይ ቀይ መስመር አለች። ከፊርማው በኋላ "ዝናቡ" ሠላሳ ሁለት ላይ ተከፈተ። እዚያው ላይ ወር ሙሉ ቆመ፤ ታይቶ፣ እንደገና ታይቶ፣ እንደገና። የተናደደች መሰለኝ። ከዚያ ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ አራት። ቀስ እያለች መጣች።

እኔም እሷ የደረሰችበት ድረስ ብቻ አያለሁ። አንዲት ደቂቃ አላልፋትም። "ዝናቡን" ፍጥነት አልጨምርበትም፣ ዘፈኑንም አልዘልም። ሌላውን ሁሉ እንደ መድኃኒት ነው የምውጠው።

ሳንነጋገር አብረን እያየን ነው ማለት ነው። አይደለም እንዴ? እንደዚህ ነው የገባኝ።

ዛሬ አርባ ሦስት ላይ ናት።

ጥር 17

እንግዳ ነገር። ለሻይ ስንወጣ አራት ሰዓት ላይ በስልኬ አየሁ፣ አርባ ሦስት ላይ ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ አርባ አራት ሆናለች። እህቴ ባንክ መስኮት ላይ ነው የምትሰራው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰልፍ አቁማ ካርቱን ታያለች? ስራ ለቀቀች? ወይስ ... እርጉዝ ትሆን እንዴ? ቤት ተቀመጪ ተብላ?

አጎት መሆኔን ከቀይ መስመር ልሰማ ነው። ጉድ እኮ ነው።

ሻጯ (ፊት ለፊት ቆማ ደንበኛ የምታስተናግደዋ፣ ስሜን ትታ "ካርቱን" ነው የምትለኝ) ስልኬ ላይ አፍጥጬ አየችኝና፣

"ካርቱን፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ?"

"ፊቴ እንዲህ ነው።"

"በፊት እንዲህ አልነበረም" ብላ ሄደች። በፊት እንዴት ነበር? ልጠይቃት አልኩና ተውኩት።

ጥር 20

አርባ አራትን ሦስት ጊዜ አይታዋለች! በተከታታይ፣ በአንድ ቀን።

አርባ አራት ማለት ልጅቷ ሱቋን ዘግታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ወንድሟን የምትጠብቅበት ነው። ወንድሟ አይመጣም። ሃያ አራት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ። ሌላ ምንም የለበትም።

ሦስት ጊዜ። ለእኔ ነው። ለማን ሊሆን ይችላል?

እኔም በእኔ በኩል ሦስት ጊዜ አየሁት። መልስ መሆኑ ነው። ካየችው።

ጥር 21

ጌም ገዛሁ። ይሄኛው ግን ይለያል፤ ለሁለት ሰው ነው። ሁለት አናጢዎች አንድ ድልድይ ተጋግዘው የሚሰሩበት፤ አንዱ ካልያዘ ሌላው አይመታም። ድሮ እንዲህ ያለ ሲወጣ እኔና እሷ ቅዳሜን ሙሉ እንጣላበት ነበር። "ያዝ! ያዝ እንጂ አንተ ደንቆሮ!"

ለእሷ በስጦታ ላክሁላት። መልዕክት ፃፉ ይላል። ፃፍኩ፣ አጠፋሁ። ፃፍኩ፣ አጠፋሁ። ባዶውን ሄደ።

በእጅ የሚያዘውን የጌም መጫወቻም (ጆይስቲክ) ገዛሁ፣ ሁለተኛ። ሱቅ ያለው ሰውዬ "አንድ አልወሰድክም እንዴ ባለፈው? ሁለተኛው ለማን ነው?" አለኝ። "ለእህቴ" አልኩት። አፌን ሞልቼ።

ጥር 24

ስጦታው፦ "በመጠበቅ ላይ"።

ጥር 25

በመጠበቅ ላይ።

ጥር 27

ስራ ላይ ተሳሳትኩ። የአንዲት ትልቅ ሴትዮ መነፅር፤ የቀኙን ሌንስ ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ቆርጬ አስገብቻለሁ። እንዲህ ያለ ስህተት የመጀመሪያው ሳምንት ተለማማጅ እንኳን አይሰራም። ሴትዮዋ አድርገውት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ "ልጄ፣ መሬቱ አዘመመብኝ" አሉ። ሻጯ "ይለምዱታል እማማ" ብላ ሸኘቻቸው። በማግስቱ ጉልበታቸው ተልጦ መጡ። ደረጃ ላይ ወድቀው።

ጋሼ (የቤቱ ባለቤት) ሌንሱን አወጡና ምልክቱን አሳዩኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"እጅህ እዚህ ነው። አንተ የት ነህ?"

"እዚሁ ነኝ ጋሼ።"

"አይደለህም። ዓመት ሆነህ።"

ሴትዮዋ ጉልበታቸው ላይ ፋሻ አስረው ተቀምጠው ነበር። ይቅርታ አልኳቸው። "አይዞህ፣ ልጅ አይደለህ" አሉኝ። ሊሰማኝ ይገባ ነበር። አውቄዋለሁ፣ እዚያ ጋ አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ እንደነበር። የለም። ሌንሱን እንደገና ቆረጥኩላቸው።

የካቲት 1

"ተቀባይዋ በጊዜው ስላልተቀበሉ ስጦታው ለላኪው ተመልሷል።"

ተመለሰ።

ቀይዋ መስመር ግን ዛሬ አርባ ስምንት ላይ ናት። አብራኝ ታያለች፣ ስጦታዬን ግን አትቀበልም። ይሄ ምን ማለት ነው? ከእኔ ጋር ታየዋለች ወይስ በእኔ ላይ ነው የምታየው?

የካቲት 3

ሳሎን ሳልፍ እማዬ ስልክ ላይ ነበረች። እህቴ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ትደውልላታለች። እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ደህና ነው ... አይ፣ እንደዛው ነው ... እንደዛው" ስትል ሰማሁ። ሲያዩኝ ነገር የሚቀየርበት ሰው ሆኛለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር።

እማዬ ሳሎኑን የልብስ ስፌት አድርጋዋለች። የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ እዚያ ነው የሚያጥረው። ማሽኑ፣ ጨርቁ፣ ቴሌቪዥኑ። ስገባ ማሽኑ ይቆማል፣ "በላህ?" ትላለች። "በልቻለሁ።" ማሽኑ ይቀጥላል። የእኛ ወሬ ይሄ ነው።

የካቲት 6

እማዬ ዛሬ በሬን አንኳኳች። አታንኳኳም እኮ እሷ፤ ወይ ትገባለች ወይ ትተወዋለች።

"እህትህ ያንን የፊልም ነገር ልታዘጋው ነው አለች። ወሩ ሲያልቅ።"

"ለምን?"

"ማንም አያየውም አለች። በከንቱ እከፍላለሁ አለች።"

"ማንም? እንዴት ማንም?"

እማዬ ጣቷ ላይ የቀረ ክር ትፈትል ጀመር። አላየችኝም።

"እኔ ምን አውቄ። ያለችውን ነው የምነግርህ።"

"አትዝጊው በያት።"

"አንተ በላት" አለች። "አፍ የለህም?" በሩን ክፍት ትታው ሄደች።

ማንም አያየውም። እኔን ማንም አለችኝ ማለት ነው። እሷ ራሷ ትናንትና አርባ ዘጠኝን አይታ! ውሸት ለምን አስፈለጋት?

የካቲት 7

ሲዘጋ ድመቷም ጩጬም አብረው ይጠፋሉ። ቀይዋ መስመርም። ከዚያ በኋላ እህቴ በሕይወት መኖሯን በምን አውቃለሁ? ከእማዬ "ደህና ናት"?

ስልኬን አወጣሁ። ስሟ ላይ ደረስኩ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አንድ ጌም ገዛሁ።

የካቲት 10

ዛሬ ረጅም ነው። እጄ እስኪዝል እፅፋለሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስራ ቦታ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሙሉ፣ የመቁረጫው ማሽን ቀጥ። ጋሼ እስከ ምሳ ጠብቀው አይመጣም አሉና "ሂድ፣ ቤትህ ትንሽ ሰው ምሰል" ብለው አሰናበቱኝ። የእኛ ሰፈር መብራት አልሄደም። በሩን በቁልፌ ከፈትኩ።

ዘፈኑን ሰማሁት። የ"ዝናቡን" መግቢያ። ከሳሎን።

መጀመሪያ ያሰብኩት እህቴ መጥታለች ብዬ ነው። እግሬ እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። ስገባ እማዬ ብቻዋን ናት። መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ የሰው ሱሪ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጃንጥላ ጠጋኟ። ከላይ ጥግ ላይ ድመቷ። ክፍል ሃምሳ።

እማዬ ሰርቃ የተያዘች ልጅ መሰለች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

"መብራት ሄደባችሁ?"

"እማዬ ... ይሄን አንቺ ነሽ የምታይው?"

"ሌላ ቻናል የለም ብዬ ነው" አለች። ከዚያ "አዎ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምት።"

"በእሷ ስም?"

"ስም አላየሁም። ስከፍተው መጀመሪያ የምትመጣው ድመቷ ናት። እሷን ስጫን ራሱ ይቀጥላል።"

ተቀመጥኩ። የት ላይ እንደተቀመጥኩ አላየሁም፣ የሰው ቀሚስ ላይ ነበር፣ አልተቆጣችኝም።

"አርባ አራትስ? ሦስት ጊዜ ያየሽው?"

"የቱን ነው?"

"ደጃፍ ላይ ቁጭ የምትልበት።"

"እሱን ... ዚፕ የሚቀየርላቸው አራት ሱሪዎች ነበሩብኝ። እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አልፏል፣ መለስኩት። እንደገና ጣለኝ።"

መልዕክቱ ይሄ ነበር። ዚፕ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ መልስ ሰጥቻለሁ።

ያኔ ሊያናድደኝ ይችል ነበር፣ ወይ ሊያስቀኝ። ስክሪኑን አየሁ። ከታች እንግሊዝኛው ይሮጣል። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም።

"ይገባሻል?"

"እንዴት አይገባኝም። ልጅቷ ደሃ ናት፣ ጃንጥላ ትሰፋለች። ይሄ ነጭ ፀጉር ያለው አባቷ ነው፣ እስር ቤት ነበር፣ እኔ ነኝ ለማለት አፍሮ ነው።"

ነጭ ፀጉሩ አባቷ አይደለም። ከተማውን ያሰጠመው የጦር አዛዥ ነው። አልነገርኳትም።

"ለምን ግን እማዬ? ምን ብለሽ ጀመርሽው?"

ሱሪውን አጠፈችው። እንደገና ዘረጋችው። የተናገረችውን እንዳለ ልፃፈው፤ አንድ ቃል ባይቀር ደስ ይለኛል።

"ያን ቀን ስመለስ ይሄ ነው ሲጫወት ያገኘሁት። ከእህትህ ፊርማ ያስቀረህ ነገር ምንድን ነው ልየው ብዬ ነው። ልጄ ጤነኛ ነው፣ ክፉ አይደለም፣ አንድ ነገር ቢኖርበት ነው አልኩ። ያንኑ የመጀመሪያውን ስንት ጊዜ አየሁት። ስንት ጊዜ! ምንም አጣሁበት። ቀጥሎ ይኖር ይሆናል ብዬ ቀጥሎ ያለውን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።" ሱሪውን ወደ ጎን አድርጋ፣ "ክፉ ፊልም አይደለም ግን" አለች።

ሠላሳ ሁለት ላይ ወር ሙሉ የቆመችው እሷ ናት። ከግድግዳው ወዲያ። እኔ በሬን ዘግቼ የሩቋን ስፈልግ።

"ፊልሙ ውስጥ የለም እማዬ" አልኳት። "አላየሁትም እኮ። ሸሚዜን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ ነበር። ወረቀቱ ላይ የምስክር መስመሯ የአባዬ ነበረች፣ እሱ ስለሌለ እዚያ ላይ አንተ ትፈርማለህ ብላኝ ነበር። ማታውን ነገረችኝ። እየሳቀች። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ መነሳት አቃተኝ። እግሬ እንቢ አለ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ የሆነ ነገር ይጩህ ብዬ ከፈትኩት።"

"እዚያ ላይ ልፈርም? በአባዬ ቦታ?" አልኳት።

ቴሌቪዥኑ ብቻውን ያወራል። እማዬ ሪሞቱን ፈልጋ አጠፋችው፤ ሁለት ቁልፍ ተሳስታ በሦስተኛው።

"ይሄንን ሰባት ወር ሆድህ ውስጥ ይዘህ?"

"ማን ጠየቀኝ።"

"እውነትክን ነው" አለች። "እኔም ፊልሙን ስጠይቅ ከረምኩ።"

የካቲት 11

ስራ። ሃያ አንድ ጥንድ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አየኋቸው፣ ቀኝና ግራ።

ማለት እህቴ አንድም ክፍል አላየችም። ሰባት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር አልነበረችም። ስጦታውን ያልተቀበለችው፣ "ማንም አያየውም" ያለችው፣ ውሸት አልነበረም። አኩርፋኛለች፣ በቃ፣ ድርቅ ያለ እውነተኛ ኩርፊያ። እኔ ነኝ በእማዬ ዚፕ የታረቅኩት።

ማታ እራት ላይ እማዬ "እኔ ልንገራት?" አለች። "አይ" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

የካቲት 13

እሁድ። ሄድኩ።

ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃው አዲስ ቀለም ይሸታል፣ እጀታውን የያዘ እጄ አረንጓዴ ሆነ። ባሏ ከፈተልኝ። በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም እኔን። "ግባ እንጂ" አለኝና ራሱ ወጣ። ዳቦ ልገዛ ብሎ። ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ነበረ።

እህቴ ከማድ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። ቆመች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"እማዬስ?"

"ደህና ናት።"

"እና ምን ልትሰራ መጣህ?"

አውቶቡስ ላይ ያዘጋጀሁት ነበር። ጠፋብኝ። ስለ ጫማው ነገርኳት። ስለ ሸሚዙ። ስለ መስመሯ። "በአባዬ ቦታ መፈረም አቃተኝ" አልኳት። "እሱ መምጣት ነበረበት። እሱ ነበር መፈረም ያለበት።"

ይቅር ትለኛለች ብዬ ነበር። እንደሚያለቅሱ፣ እንደሚተቃቀፉ ... ስንት አይቻለሁ እንዲህ ያለ ትዕይንት፣ ዘፈኑ ከየት እንደሚገባ ሁሉ አውቃለሁ።

"አባዬ እንደማይመጣማ አውቅ ነበር" አለች። "እኔ የጠበቅኩት አንተን ነው።"

ፀሐፊዋ ሁለቴ ስማቸውን እንደጠራች ነገረችኝ። ተራችንን ለሌላ ስጡ ብላ እንደለመነች። ባለታክሲው መስኮቱ ጋ ቆሞ መንገዱን እያየ "ይመጣል፣ ወንድም አይደል፣ ይመጣል" ሲላት እንደነበር። በሦስተኛው ጥሪ ላይ "እኔ ልፈርምልሽ እህቴ" እንዳላት።

ያኔ አመመኝ። እዚህ ጋ፣ ከደረቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ። የእውነት ሕመም፤ እጄን ጣልኩበት። አባዬ ሲሞት እንኳን እንዲህ አላመመኝም ነበር። አባዬ ሲሞት ወንበር ስደረድር ነው የዋልኩት።

"ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። "እሺ።"

"እሺ አትበለኝ! እሺህን ነው የጠላሁት። ቤት ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ እሺ፣ እህ፣ ምንም። አባቴን ቀበርኩ፣ አንተን ደግሞ ቆመህ እያየሁህ!" ከዚያ ፊቷን አዞረች። "አሁን ሂድ። ዛሬ አልችልም። ነገ ደውልልኝ።"

በሩ ላይ ስለ እማዬ ነገርኳት። ስለ ድመቷ። መጀመሪያ አላመነችኝም። "እማዬ? እማዬ 'ዝናቡን'?" ነጭ ፀጉሩ አባቷ ነው፣ እስር ቤት ነበር ማለቷን ስነግራት አፏን በፎጣ ያዘች። ከሳቅ ይሁን ከለቅሶ አልለየሁትም። "አካውንቱን አልዘጋውም" አለች። "ለእሷ ስል ነው። ላንተ እንዳይመስልህ።"

የካቲት 14

ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሰደበችኝ። አምስተኛ ክፍል ስማር ከሠራሁት የጀመረ ስድብ ነው። አላቋረጥኳትም።

የካቲት 16

ከስራ ስመለስ ሳሎን ተቀመጥኩ። እማዬ ሃምሳ አንድን ከፈተችው፣ እንግሊዝኛውን በአማርኛ አነበብኩላት። ነጭ ፀጉሩ አባቷ አለመሆኑን ስትሰማ ተቆጣች።

"ማን አለ?"

"እዚህ ተፅፏል።"

"የፃፈው ሰው ተሳስቷል። ዓይኑን አላየኸውም ሲያያት? ቀጥል።"

ቀጠልኩ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ከራሴ ጨምሬ፣ አባቷ አስመሰልኩላት። ያምርበታል እንዲያውም።

የካቲት 18

ዛሬ ራሷ ደወለች። ባለፈው የረሳችው ስድብ ነበር። አንዱ በጣም ያስቃል፣ እዚህ አልፅፈውም። ሳቅኩ። ሳቄን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም። ስለ አባዬ ነበር። በስሙ ጠራነው፣ ሁለታችንም፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይቅር አላለችኝም ገና። "ስትደውል ላነሳ፣ ሳትደውል ልናደድ፣ እንዲህ ሆኜ ልቅር?" አለችኝ። እደውላለሁ አልኳት። እሺ አላልኩም።

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ እማዬ ማሽኗን አቆመች።

"ምን ሆንክ?"

"አመመኝ" አልኳት።

"የት ጋ?"

አጠገቧ ያለውን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩና ነገርኳት።